ጀምበር ሳለ፦ ለሕሙማን አስቀድሞ ማሰብ የፍቅር ግዴታ ስለ መሆኑ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ጤና ተቋም የሆነውን በማስታወስ እንጀምር። የተቋሙን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ ብዙዎቹ ይመስሉታልና። ጊዜው የክረምት ሌሊት ነበር። ከጥቂት ሰዓታት በፊት የተወለደና ትንፋሹ የደከመ አንድ ሕፃን፣ ከአየር ላይ ኦክስጅን በሚያጣራ መሣሪያ ይረዳ ነበር። በዚህ መካከል መብራት ጠፋ፤ መሣሪያውም ቆመ። ተቋሙ ጄኔሬተር ነበረው፤ ነዳጅም አልጐደለም። የጄኔሬተሩ ክፍል ቁልፍ ግን በአንድ ሠራተኛ ኪስ ውስጥ ነበር፤ ሠራተኛውም ለለቅሶ ወደ ሌላ ቀበሌ ሄዶ ነበር። ነርሷ በእጅ በሚጨመቅ የመተንፈሻ ፊኛ ሕፃኑን ስታስተነፍስ፣ ዘበኛው በዲጂኖ በሩን ሰብሮ ገባ። ሕፃኑም ተረፈ።

በማግሥቱ ሁላችንም እግዚአብሔርን አመሰገንን፤ ማመስገናችንም የተገባ ነበር። ይሁን እንጂ ከአንድ ወር በኋላ በሩ ተጠግኖ አዲስ ቁልፍ ሲገባለት፣ ቁልፉ አሁንም አንድ ብቻ መሆኑን አየን። ያሳፈረንም ይህ ነው። ምስጋናችን የሁለተኛውን ቁልፍ ቦታ ወስዶ ነበር።

ይህ ትንሽ ነገር አንድ ትልቅ የግብረ ገብ ጥያቄ ያስነሣል። ሕሙማንን የተቀበለ ተቋም፣ አደጋ በሚደርስበት ጊዜ አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ አስቀድሞ የማሰብ ግዴታ አለበትን? ይህስ የአስተዳዳሪዎች የሥራ ዘዴ ብቻ ነው ወይስ ከባልንጀራ ፍቅር ጋር የተያያዘ የኅሊና ጉዳይ ነው? በዘመናችን ባለሙያዎች ይህን ዓይነቱን ዝግጅት «የሥራ ቀጣይነት ዕቅድ» ይሉታል። ቃሉ የንግድ ቤት ቃል ይመስላል፤ የሚናገረው ግን ስለ ሕይወት ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ጐርፍ ሲገባ፣ መድኃኒት የሚያመጣው መንገድ ሲዘጋ፣ ሐኪሙ ራሱ ሲታመም ማን ምን ያደርጋል? ማንስ አስቀድሞ ይረዳል? እነዚህን ጥያቄዎች ገና ሰላም ሳለ መመለስ ማለት ነው።

መታመንና መዘጋጀት

በቁምስናዎቻችን ስለዚህ ጉዳይ ስንነጋገር መጀመሪያ የሚነሣው ተቃውሞ ከሃይማኖት የሚመነጭ ነው። «ነገ በእግዚአብሔር እጅ ነው፤ ክፉን ማሰብ ክፉን መጥራት ነው» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉት ቅን ምእመናን ናቸው፤ ስለዚህ ቃላቸውን በንቀት ልናልፈው አይገባም። ጌታችን ስለ ነገ እንዳንጨነቅ ማስተማሩ እውነት ነው። ነገር ግን ያ ትምህርት የተሰጠው ስለ ገዛ ምግቡና ስለ ገዛ ልብሱ ለሚባክን ሰው ነው። እኛ አሁን የምንናገረው ስለ ሌላ ሰው እስትንፋስ ነው። ሰው ስለ ራሱ ነገ ቢጨነቅ እምነት ጐድሎታል ልንል እንችል ይሆናል፤ በአደራ ስለ ተቀበለው ሕመምተኛ ነገ ባያስብ ግን የጐደለው ፍቅር ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ይህን ልዩነት ያውቃሉ። ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል ሲያከማች እምነት ጐደለው ያለው የለም። መብራታቸውን ይዘው ዘይት ያልያዙት ቈነጃጅት የተነቀፉት፣ ሙሽራውን ባለመውደዳቸው ሳይሆን ሊዘገይ እንደሚችል ባለማሰባቸው ነው። ከሁሉ በላይ ግን ደጉን ሳምራዊ እንመልከት። ስለ እርሱ ስንሰብክ ብዙ ጊዜ የምንናገረው ቁስል ማሰሩን ነው። የታሪኩን መጨረሻ ግን ፈጥነን እናልፈዋለን። ሳምራዊው በማግሥቱ መሄድ እንዳለበት ያውቅ ነበር። ስለዚህ ለእንግዳ ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጠ፤ ወጪው ቢበልጥም ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገባ። በሌላ አነጋገር፣ እርሱ በማይኖርበት ጊዜ እንክብካቤው እንዳይቋረጥ አደረገ። ርኅራኄው በስሜት አልቀረም፤ ገንዘብ መደበ፣ ኃላፊ ሾመ፣ ቀጣዩንም ቀን አሰበ። ከዚህ የተሻለ የቀጣይነት ዕቅድ የት ይገኛል?

በጨለማ የተሠራ ውሳኔ

ሳይዘጋጁ መቅረት የሚያስከትለውን ለመረዳት፣ በሰሜን አሜሪካ የደረሰና በብዙ ምርመራ የተረጋገጠ አንድ ታሪክ እናስብ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2005 ካትሪና የተባለው ማዕበል የኒው ኦርሊንስን ከተማ መታ። የከተማይቱ ትልቅ ክፍል ከባሕር ወለል በታች ስለሚገኝ የጐርፍ መከላከያ ግንቦቿ ሲደረመሱ ውሃው ሰፈሮቿን ዋጠ። በዚያ ሜሞሪያል የተባለ የታወቀ ሆስፒታል ነበር። በውስጡ ከሁለት መቶ በላይ ሕሙማን፣ ከሠራተኞች፣ ከቤተሰቦችና ከተጠለሉ ሰዎች ጋር ደግሞ በጠቅላላው ከሁለት ሺህ በላይ ነፍሳት ነበሩ።

ሆስፒታሉ ጄኔሬተሮች ነበሩት። ነገር ግን የተጠባባቂው ኃይል መቀያየሪያ መሣሪያዎች ከፊሎቹ ከመሬት እምብዛም ባልራቀ ከፍታ ላይ የተተከሉ ነበሩ። ይህ ድክመት ከማዕበሉ በፊት የታወቀ ነበር፤ ማረሚያው ግን ውድ ሆኖ ቀረ። ኦገስት 31 ቀን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ የመጨረሻው ኃይል ተቋረጠ። ሊፍት ቆመ፤ የመተንፈሻ መሣሪያዎች ጸጥ አሉ፤ በሕንፃው ውስጥ ያለው ሙቀት ከ38 ዲግሪ በላይ ሆነ። ነርሶችና በጎ ፈቃደኞች ሕሙማንን በጨለማ ደረጃ በእጃቸው አወረዱ፤ በማሽን ክፍል ግድግዳ ላይ ባለ ጠባብ ቀዳዳ አሳልፈው ወደ ሄሊኮፕተር ማረፊያው አወጡ። ይህን ሁሉ ያደረጉት እንቅልፍ ሳያገኙና የገዛ ቤተሰባቸው የት እንዳለ ሳያውቁ ነበር።

ታዲያ ማን አስቀድሞ ይውጣ? ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አልነበረም። ጥቂት ሐኪሞች ተሰብስበው ሕሙማኑን በሦስት ደረጃ ከፈሉ። ልባቸው ቢቆም ለማስነሣት ሙከራ እንዳይደረግላቸው አስቀድመው የተስማሙት ሕሙማን መጨረሻ እንዲወጡ ተወሰነ። እነዚህ ሰዎች ያን ስምምነት ሲያደርጉ፣ በጐርፍ ጊዜ ወደ ኋላ የምንቀረው እኛ ነን ብለው ያሰቡ አልነበሩም። ሰባተኛው ፎቅ ላይ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የሚታከሙ ጽኑ ሕሙማን ነበሩ፤ ፎቁን የተከራየው ሌላ ድርጅት ስለ ነበረ፣ የእነርሱ ኃላፊነት የማን እንደ ሆነ በወሳኙ ሰዓት ግልጽ አልነበረም። ውሃው ከጎደለ በኋላ በሆስፒታሉ ውስጥ 45 አስከሬኖች ተገኙ።

ከዚያም ከባድ ክርክር ተነሣ። አንዳንድ ሕሙማን ሞታቸውን በሚያፋጥን መድኃኒት ሞተዋል ተብሎ ተጠረጠረ፤ አንዲት ሐኪምና ሁለት ነርሶች እ.ኤ.አ. በ2006 ተያዙ። በ2007 ግን ግራንድ ጁሪ የሚባለው የዜጎች ሸንጎ በሐኪሟ ላይ ክስ እንዳይመሠረት ወሰነ። በማንም ላይ ልንፈርድ ሥልጣኑም ዕውቀቱም የለንም። ደግሞም በእነዚያ ሌሊቶች በዚያ ቦታ ብንሆን ምን እንደምናደርግ በእርግጠኝነት የምናውቅ ከመካከላችን ጥቂቶች ነን።

ነገር ግን አንድ ነገር ልንል ይገባናል። ከሁሉ የከበደው ውሳኔ የተሠራው በዚያ ሌሊት አልነበረም። የተሠራው ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት፣ መብራት በበራበትና ወንበር በተደረደረበት ስብሰባ ላይ፣ «ይህ ጉዳይ ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ» በተባለ ቁጥር ነው። በብርሃን ያልተወሰነ ነገር በጨለማ መወሰኑ አይቀርም። በጨለማ ሲወሰን ደግሞ ሸክሙ የሚወድቀው ስብሰባውን ባልተካፈሉት ላይ ነው፤ በደከመችው ነርስና በአልጋው ላይ በተኛው ሕመምተኛ ላይ። ቤተ ክርስቲያን በኑዛዜ ጸሎታችን በማድረግ ብቻ ሳይሆን ባለማድረግም እንደምንበድል የምታሳስበን ስለዚህ ነው። ባለማድረግ የሚሠራ ኃጢአት ድምፅ የለውም፤ በተሠራበት ቀን ማንም አይሞትም። ስለዚህም በኑዛዜያችን ውስጥ ሳይጠቀስ ይቀራል።

ግማሽ መንገድ የሄደ ዝግጅት

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2012፣ ሳንዲ የተባለው ማዕበል ኒው ዮርክን መታ። መነሻው እስከ 1736 የሚቈጠረው ቤልቪው ሆስፒታል ለጐርፍ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ተጠባባቂ ጄኔሬተሮቹን 13ኛው ፎቅ ላይ አስቀምጦ ነበርና። ነገር ግን ነዳጁን ወደ ላይ የሚገፉት ፓምፖች ምድር ቤት ውስጥ ቀርተው ነበር። ውሃው ምድር ቤቱን ሲሞላ ፓምፖቹ ሰመጡ። ዕቅዱ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆሞ ነበር። ምክንያቱም አንድ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከትሎ «ከዚያስ?» ብሎ አልጠየቀም ነበር።

በዚያ ሌሊት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ኃላፊ ሐኪም፣ ኃይል የሚኖራቸው ስድስት የኤሌክትሪክ መሰኪያዎች ብቻ ሊሆኑ እንደሚችሉ ተነገራት። በኃላፊነቷ ሥር የነበሩት ጽኑ ሕሙማን ግን ወደ ሃምሳ ይጠጉ ነበር። በዚህ ጊዜ ያደረገችው ልብ ሊባል ይገባዋል። ብቻዋን አልወሰነችም። ሐኪሞችን፣ ነርሶችንና የሕክምና ሥነ ምግባር ባለሙያዎችን ሰበሰበች፤ በግዛቱ ለእንዲህ ያለ ክፉ ቀን አስቀድሞ የተዘጋጀ መመሪያ ስለ ነበረ በእርሱ ተመርተው መከሩ። በሌላ በኩል የሆስፒታሉ ሠራተኞችና የብሔራዊ ዘብ ወታደሮች በደረጃው ላይ ተሰልፈው፣ ነዳጅ በዕቃ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ እስከ 13ኛው ፎቅ አደረሱ። ጄኔሬተሩ አልቆመም፤ ያ አሳዛኝ ምርጫም በተግባር መዋል ሳያስፈልገው ቀረ። ከሰባት መቶ በላይ የሆኑት ሕሙማንም በተከታዮቹ ቀናት ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ተዛወሩ።

ሁለቱን ታሪኮች ስናነጻጽር፣ በአንደኛው ክፉዎች በሌላው ደጎች ነበሩ ልንል አንችልም። በሁለቱም ስፍራ ለሕሙማን የደከሙ ሰዎች ነበሩ። ልዩነቱ የወሳኞቹ ብቸኝነት ነው። ጥሩ ዕቅድ ሰውን ከመወሰን አያድነውም፤ ብቻውን ከመወሰን ግን ያድነዋል። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ለሟች ቤተሰብና ለገዛ ኅሊናው ሊያስረዳ የሚችልበትን ምክንያት ይሰጠዋል።

ሕንፃው ሲፈርስ ምን ይቀራል?

ሦስተኛው ምሳሌያችን ከካቶሊክ ተቋም ነው። በሚዙሪ ግዛት በጆፕሊን ከተማ የነበረው የቅዱስ ዮሐንስ ሆስፒታል በምሕረት እኅቶች እ.ኤ.አ. በ1896 የተመሠረተ ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2011፣ እሑድ ወደ ማታ፣ ቶርኔዶ የሚባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ከተማይቱን መታ፤ በከተማዋ ከ150 በላይ ሰዎች ሞቱ። ሆስፒታሉም በቀጥታ ተመታ። መስኮቶቹ ተሰባበሩ፤ መብራቱ ጠፋ፤ ተጠባባቂው ጄኔሬተርም ከጥቅም ውጭ ሆነ። በሆስፒታሉ አምስት ሕሙማንና አንድ ጠያቂ ሕይወታቸው አለፈ። ይህን ሳንሸፋፍን እንናገራለን፤ ዝግጅት ሁሉንም ያድናል ብለን ማንንም ልናታልል አንፈልግምና። የተረፉት 183 ሕሙማን ግን በዘጠና ደቂቃ ውስጥ ከሕንፃው ወጡ። ቃሬዛ ሲያልቅ የተነቀለ በር ቃሬዛ ሆነ፤ አምቡላንስ ሲያልቅ የጭነት መኪና አምቡላንስ ሆነ። ሠራተኞቹ ሕሙማንን የማስወጣት ልምምድ አስቀድመው ያደርጉ ስለ ነበር እጃቸው የሚሠራውን ያውቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ግን ከሁሉ ይልቅ ትምህርት ይሰጠናል። የሕሙማኑ መዝገብ ከሦስት ሳምንት በፊት ወደ ኮምፒዩተር ተዛውሮ በሌላ ከተማ ተቀምጦ ስለ ነበር፣ ሕመምተኛው በየትም ሆስፒታል ቢደርስ ታሪኩ ተከተለው። በአንድ ሳምንት ውስጥ በድንኳን የተሠራ ሆስፒታል በዚያው አካባቢ ሥራ ጀመረ። የተቋሙ አስተዳደርም የሚሠሩበት ሕንፃ ባይኖርም ሠራተኞቹን እንደማያሰናብትና ደመወዛቸውን እንደማያቋርጥ አስታወቀ። በ2015 የተከፈተው አዲሱ ሆስፒታል ደግሞ የኃይል ማመንጫው ከፊሉ በመሬት ውስጥ ተቀብሮ፣ መስኮቶቹም ለኃይለኛ ነፋስ ተጠናክረው ተሠሩ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሆስፒታል ማለት ምንድን ነው? ሕንፃው ነው እንዳንል ሕንፃው ፈርሷል። መሣሪያው ነው እንዳንል መሣሪያው ተሰባብሯል። የቀረው ሕመምተኛውን የሚያውቁት ሰዎች፣ የሕመሙ ታሪክ፣ በሠራተኛውና በተቋሙ መካከል ያለው መተማመንም ነው። እንግዲህ ስለ ቀጣይነት የሚያስብ ሰው መጠየቅ ያለበት «ምን ንብረት አለን?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «ንብረቱ ሁሉ ቢጠፋ እርስ በርስ የምንተማመንበት ምን አለን?» ብሎ ጭምር ነው። ልጆቹ የት እንዳሉ የማያውቅ አስታማሚ ሌላውን ሊያስታምም አይችልም። ስለዚህ ለሠራተኛው ቤተሰብ ማሰብ ለሕመምተኛው ማሰብ ነው።

ድህነታችን ምክንያት ይሆነናልን?

«እነዚህ ሁሉ የሀብታም አገር ታሪኮች ናቸው፤ እኛ ለዛሬው ሕመምተኛ መድኃኒት አጥተን ለነገው አደጋ ገንዘብ ከየት እናመጣለን?» የሚለው ተቃውሞ ከፊተኛው ይልቅ ከባድ ነው። በእውነትም ለሁለተኛ የኦክስጅን ሲሊንደር የሚወጣው ገንዘብ ዛሬ በደጃፍ ከተሰለፈው ድኻ መድኃኒት ላይ ሊቀነስ ይችላል። የዛሬው ድኻ ፊት አለው፤ የነገው ገና ፊት የለውም። ፊቱ ለማይታየው ሰው ማሰብ ለሁላችንም ያስቸግራል።

ለዚህ ተቃውሞ ቀላል መልስ አለን አንልም። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ለይተን እንናገር። አንደኛ፣ ከዝግጅት ውስጥ ብዙው ገንዘብ አይጠይቅም። ሁለተኛ ቁልፍ የሚጠይቀው ጥቂት ብር ነው። መብራት ሲጠፋ ማን ወዴት እንደሚሮጥ በአንድ ወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍ የሚጠይቀው ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። ክትባት የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ሙቀቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መሆን አለበት፤ ማቀዝቀዣው ቢቆም ክትባቱ በበረዶ ሣጥን ወደ የትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚወሰድ አስቀድሞ መስማማት የሚጠይቀው አንድ ውይይት ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ለወራት ሳያቋርጥ ሊወስድ ይገባዋል፤ ቢያቋርጥ ሕመሙ መድኃኒቱን ሊለማመድ ይችላል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱና ኢንሱሊን የሚወጉ ወገኖቻችንም እንዲሁ ናቸው። የእነዚህን ሕሙማን ስም ዝርዝር በሁለተኛ ቦታ በምስጢር መጠበቅ፣ መንገድ ሊዘጋ በሚችልበት በክረምት ዋዜማ መድኃኒታቸው መኖሩን ማየት ትጋት እንጂ ሀብት አይጠይቅም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረታችን የተነገረው ለሀብታሞች አይደለም።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ የሚጠይቀውን በተመለከተ ቅደም ተከተል ልናበጅ እንችላለን። አስቀድሞ አንዲት ሰዓት እንኳ ለመቈየት የማይችለው ይታሰብ፤ በኦክስጅን የሚተነፍሰው፣ በቀዶ ሕክምና ላይ ያለው፣ በምጥ የተያዘችው። ቀጥሎ አንድ ሳምንት መቈየት የማይችለው ይታሰብ። የቀረው በኋላ ይደርሳል።

ደግሞም የዕቅድን ወሰን ልናውቅ ይገባናል። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ በነበረው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ብዙ የጤና ተቋማት ተጎድተዋል፤ ተዘርፈዋልም። በመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል ሐኪሞችና ነርሶች ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ ሠርተዋል፤ ጓንት እየታጠበ ዳግም ጥቅም ላይ ውሏል፤ የስኳር ሕሙማን ኢንሱሊን አጥተዋል። ይህን የመሰለ መከራ በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይመለሳል የሚል ካለ በሟቾች ላይ ይቀልዳል። መድኃኒት ወደ ሕመምተኛ እንዲደርስ መንገድ መክፈት የተቋሙ ብቻ ሳይሆን ሥልጣንና መሣሪያ የያዙ ሁሉ ግዴታ ነው። ቢሆንም ያለ ደመወዝ በሥራቸው የጸኑት ሰዎች አንድ ነገር አሳይተውናል፤ ዕቅድ ባለቀበት ስፍራ ታማኝነት ይቀጥላል። ታማኝነት አለ ብለን ግን ዕቅድን መተው አይገባንም። የሰው ጀግንነት ለማይቀረው መከራ እንጂ ለእኛ ቸልተኝነት መሸፈኛ ሊውል አይገባውምና።

ሕመምተኛውን አለመተው

የቀረን ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ነው። ለሁሉ የማይበቃ ሲሆን ማን ይቅደም? ዝርዝሩ የባለሙያዎች ነው፤ ሆኖም ማንኛውም ዕቅድ ሊጥሳቸው የማይገቡ ሦስት ነገሮች እንዳሉ እናምናለን።

የመጀመሪያው፣ ቅድሚያ በሀብት፣ በዘመድ፣ በብሔር፣ በሃይማኖት ወይም በማዕረግ አይሰጥም። ይህን በሰላም ጊዜ ያልጻፈ ተቋም፣ በጭንቅ ጊዜ ስልክ የሚደውልለት ባለሥልጣን እንደሚቀድም ሁላችንም እናውቃለን። ሁለተኛው፣ ሥርዓቱ በስውር መቀመጥ የለበትም። ሕመምተኛውና ቤተሰቡ ሊያውቁት ይገባል፤ ሰው በማያውቀው ሕግ ወደ ኋላ ሊቀር አይገባውምና። አረጋዊና አካል ጉዳተኛ ወገኖቻችን ስለ እነርሱ በሚጻፈው ላይ ድምፅ ሊኖራቸው ይገባል።

ሦስተኛው፣ ልናድነው የማንችለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ የምንተወው ሰው ግን ሊኖር አይገባም። ማዳን አለመቻልና መግደል የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የሕመምን ሥቃይ ማስታገሥና ሕይወትን ማሳጠርም እንዲሁ የተለያዩ ናቸው። ምንም እንኳ ሌሊቱ ቢጨልም ይህ ድንበር ሊፈርስ አይገባም። ኦክስጅን የማይደርሰው ሕመምተኛ እጁን የሚይዝ ሰው፣ ከንፈሩን የሚያርስ ውሃ፣ በስሙ የሚጠራው ድምፅ፣ የሚፈልግ ከሆነም ጸሎት ሊደርሰው ይችላል። ስለዚህ በጥሩ ዕቅድ ውስጥ «የመጨረሻውን ሕመምተኛ ይዞ የሚወጣው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የሰው ስም ተጽፎ ሊገኝ ይገባል።

ወደ ቁምስናችን ስንመለስ

ይህ ጽሑፍ ለሐኪሞች ብቻ የተጻፈ አይደለም። በየቁምስናችን ክሊኒክ አለ፤ ባይኖር እንኳ ምእመናን የሚታከሙበት ጤና ጣቢያ አለ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ስለ ደጉ ሳምራዊ ሲያስተምሩ የሁለቱን ዲናር ነገር ሳያልፉ ቢያስረዱ፣ ልጆች ርኅራኄ ከስሜት የሚበልጥ መሆኑን ከሕፃንነታቸው ይማራሉ። የቁምስና ምክር ቤትም በዓመት አንድ ጊዜ የክሊኒኩን ኃላፊ ጠርቶ፣ ለመክሰስ ሳይሆን ለመረዳት፣ ጥቂት ጥያቄዎች ቢጠይቅ መልካም ነው። ዛሬ ሌሊት መብራት ቢጠፋ ምን ይሆናል? ጐርፍ መንገዱን ለሁለት ሳምንት ቢዘጋ የትኛው መድኃኒት ያልቃል? በየሰፈሩ በእግሩ መሄድ የማይችል ሕመምተኛ የት እንዳለ የሚያውቅ ማን ነው? በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ከሐኪሙ ይልቅ ጐረቤትና ዕድር ሊመልሱ ይችላሉ። ለቀብር እንዲህ በሚገባ የተደራጀ ሕዝብ፣ ሕያዋንን ለማትረፍ መደራጀት አያቅተውም።

አበው «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ» ይላሉ። ጀምበር ሳለች መሮጥ የፈሪ ሥራ አይደለም፤ ጨለማ እንደሚመጣ የሚያውቅና በጨለማ ውስጥ የሚጠብቀው ሰው ያለበት ሰው ሥራ ነው።

በመግቢያችን ያነሣነው ጤና ተቋም ዛሬ ሦስት ቁልፎች አሉት። አንደኛው በነርሶች ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አጠገቡም ወረቀት ተለጥፏል። ያስወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የወሰደው ጊዜ ግን አንድ ዓመት ያህል ነበር። በዚያ ዓመት ውስጥ ሌላ ሌሊት፣ ሌላ ሕፃን አለመምጣቱ የእኛ ሥራ አይደለም፤ የእግዚአብሔር ምሕረት ነው። ምሕረቱን በእውነት የሚያመሰግን ግን ዳግም እንዲፈተን አይተወውም።